ክረምት «ዊንተር» አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ጀሞ እህቴ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ 7ኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ፊቷን ቅጭም አድርጋ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። የሶሻል ፈተና ነው። ከ20 13 አግኝታለች።

«አጎቴ፣ ይቺን ጥያቄ እያት እስቲ። ትክክል ነኝ አይደል?»

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «አብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በየትኛው ወቅት ነው?» ይላል። ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ ዊንተር፣ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም። ልጅቷ ዊንተርን አክብባለች። በላዩ ላይ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል።

«ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ዊንተር ነው። ስልክ ላይ አረጋግጫለሁ እኮ! ክረምት ብዬ ስጽፍለት ዊንተር ነው ያለኝ። ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?»

ምን ልበላችሁ፣ ለጊዜው መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እኔም በእሷ ዕድሜ ብጠየቅ ያንኑ ነበር የማከብበው። ልጅቷ ዝናቡን ታውቀዋለች። ሐምሌ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ጭቃውን እየዘለለች ነው የምትሄደው። ጥያቄው በአማርኛ ቢመጣ ኖሮ ሳትጨርሰው ትመልሰው ነበር። ነጥቡን ያስጣላት ጂኦግራፊው አይደለም፤ ቃሉ ነው።

መልሱ ሰመር ነው። ለምን? ሀገራችን ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ማለትም በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ነው። በዚህ ንፍቀ ክበብ ሰመር የሚባለው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አካባቢ ያለው ጊዜ ነው። በነዚህ ወራት የፀሐይዋ ቀጥተኛ ጨረር ወደ ሰሜን ይመጣል። መሬቱ ይሞቃል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ከውቅያኖሶች በኩል እርጥብ ነፋስ ወደ እኛ ይሳባል፤ ተራሮቻችን ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ይዘንባል። ደመናው ደግሞ ፀሐይዋን ስለሚጋርዳት ቀኑ ይበርደናል። ጃኬት እንደርባለን። የፈረንጅ ዊንተርም ጃኬት የሚለበስበት ስለሆነ ተርጓሚው «ያው ነው» ብሎ ሁለቱን አጣበቃቸው። የእነሱ ዊንተር ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ያ ለእኛ ጠራራው በጋ ነው።

ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እንደዛ ነው እንዴ? እኔ እኮ ሶሻል አይገባኝም ብዬ ነበር።»

ይቺን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አንድ ነጥብ መቅረቱ ቀላል ነው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የምታውቀውን ነገር «አላውቀውም» ብላ ማመኗ ግን ቀላል አይደለም።

7ኛ ክፍል ላይ ያለው ግድግዳ

አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ዋና ዋና ትምህርቶቹን በአማርኛ ይማራል። ክረምቱን አርፎ ሲመለስ፣ 7ኛ ክፍል ላይ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። በአንድ ክረምት ውስጥ «ወንዝ» ሪቨር፣ «ሸለቆ» ቫሊ፣ «የአፈር መሸርሸር» ኢሮዥን ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይህ ዝላይ አዲስ ነገር አይደለም። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ከሆነበት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አባቶቻችንም እዚሁ ክፍል ላይ ነው ቋንቋ የቀየሩት። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለክልሎች ምርጫ ሲሰጥ እንደ ኦሮሚያና ትግራይ ያሉት እስከ 8ኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ ማስተማርን መረጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከኦሮሚያ ጋር የሚዋሰን ክፍለ ከተማ ነው። ከለቡና ከፉሪ ማዶ ያለው የ7ኛ ክፍል ልጅ ስለ ወንዝ በኦሮምኛ ሲማር፣ ከወዲህ ያለችው የእህቴ ልጅ ስለዚያው ወንዝ በእንግሊዝኛ ትማራለች።

«ሌላውስ ትምህርት በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን ጂኦግራፊ የተለየ ነው። አልጀብራን ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ አያውቀውም። ዳገቱን፣ ጎርፉን፣ ብርዱን፣ ኮረብታውን ግን ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው። ጂኦግራፊ ማለት ለዚያ ለሚያውቀው ነገር ምክንያት መስጠት ነው። ቃሉን ብቻ ቀይረን ድልድይ ሳንሠራ ከተውነው፣ ልጁ ከቤቱ ያመጣውን እውቀት በር ላይ አስቀምጦ ይገባል።

መካኒሳ ድልድይ ላይ

ከቡናው በኋላ «ተነሽ፣ አንድ ቦታ እንሂድ» አልኳት። በታክሲ መካኒሳ ወርደን ድልድዩ ላይ ቆምን። ከታች ትንሹ አቃቂ ይፈሳል፤ ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ ፌስታል አንጠልጥሏል።

«ትሪቢዩተሪ ምንድነው?» አልኳት።

በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳትስት፣ እንደ ጸሎት አነበነበችው። ወደ ትልቅ ወንዝ የሚገባ ትንሽ ወንዝ።

«ይሄስ ትሪቢዩተሪ ነው?»

ወደ ታች አየች። «ይሄ? ይሄ እኮ ቆሻሻ ውሃ ነው።»

በቃ፣ ችግራችን ይኸው ነው። ትርጉሙን በቃሏ ይዛዋለች፤ ነገሩ ግን እግሯ ሥር እየፈሰሰ አላየችውም። አማርኛው «ገባር» ነው። ገባር የሚገባ፣ የሚገብር ነው። ትንሹ ወንዝ ውሃውን ለትልቁ ይገብራል። በታሪክ ትምህርት «ገባር» ማለት ግብር የሚከፍለው ገበሬ እንደነበር ሰምታለች። የሚገርመው፣ የእንግሊዝኛው ቃልም የተወለደው ከዚያው ከግብር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ወንዙን በአንድ ዓይን አይተውታል። ይህን ስነግራት «ኧረ!» አለች። ያ «ኧረ!» ማንኛውም መምህር ሊሰማው የሚመኘው ድምፅ ነው።

ቀጠልን። ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል? በክፍለ ከተማችን አልፎ ወደ ደቡብ ይወርድና አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ከሚመጣው ከትልቁ አቃቂ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ስምጥ ሸለቆን ይዞ ወደ አፋር ይነጉዳል። ባሕር ግን አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። እንጦጦ ጀርባ ላይ፣ ከጋራው በስተሰሜን የሚዘንበው ዝናብስ? እሱ ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይ ይገባና ሱዳንን፣ ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። አንድ ደመና፣ አንድ ጋራ፤ ግማሹ ጠብታ አፋር በረሃ ላይ ይተናል፣ ግማሹ ካይሮን ያያል። «ተፋሰስ» የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል፦ ፈሰሰ፣ ተፋሰሰ።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የፈተና ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። የተፋሰስ ትርጉም በእውነት የገባው ልጅ፣ መካኒሳ ላይ የተጣለ ፌስታል አዋሽ ላይ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ማሳ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ይገባዋል። ወንዙ በክረምት የሚተኛበትን ሜዳ የሚያውቅ ሰው፣ ነገ አዋቂ ሆኖ ቤት ሲሠራ የት መሥራት እንደሌለበት ያውቃል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ጂኦግራፊን ያስተማሩትና የጻፉበት የዋና ከተማ ስም ለማስሸምደድ አልነበረም፤ የገጠሩ ሰው ለረሃብ ለምን ተጋላጭ እንደሆነ ያጠኑት በዚሁ ሙያ ነው።

ራሳቸውን የሚያስረዱ ቃላት

አማርኛ ውስጥ ብዙ የጂኦግራፊ ቃላት ትርጉማቸውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚመጡት። «ስምጥ ሸለቆ» ስትል ሸለቆው መስመጡን ነግረኸዋል። «ፍል ውሃ» ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። «ንፍቀ ክበብ» የክቡ ግማሽ ነው። «እርከን» ያልከው ልጅ የኮንሶ ሰው ድንጋይ ደርድሮ አፈሩን ያዳነበትን ጥበብ ያስባል፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ያ መልክዓ ምድር ነው።

ተማሪዎች ሁሌ የሚያምታቷቸውን ሁለቱን ደግሞ ተመልከቱ፦ ዌዘር እና ክላይሜት። በአማርኛ አንዱ «የአየር ሁኔታ»፣ ሌላው «የአየር ንብረት» ነው። ሁኔታ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ። ንብረት ግን «ነበረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የሰነበተ፣ የኖረ ጠባይ ነው። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ያየ ልጅ ልዩነቱን ዳግመኛ አይረሳውም።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ስለ ሀገራችን አየር ንብረት ሲጽፍ «ቆላ»፣ «ወይና ደጋ»፣ «ደጋ» የሚሉትን የራሳችንን ቃላት በላቲን ፊደል ይጽፋቸዋል። ልጆቹ «ኮላ» እያሉ እንደ ባዕድ ቃል ይሸመድዱታል። ጀሞ 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወይና ደጋ የሚባለው ከ1500 እስከ 2300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እኛ ወይና ደጋ ነን። እንጦጦ ግን ደጋ ነው። ከጀሞ ተነስቶ እንጦጦ የወጣ ልጅ በሁለት ታክሲ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ተጉዟል፤ ብርዱንም ያውቀዋል። መጽሐፉ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ስለዚያ ብርድ እንደሚናገር ግን ማንም አልነገረውም።

«ታዲያ እንግሊዝኛ ይቅር ነው የምትለው?»

አይደለም። ይህን ክርክር ከወላጆች ጋር ስገጥም መጀመሪያ የሚወረወርብኝ ጥያቄ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ኢንተርኔቱም አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችንን ከዚያ እንድናስቀራቸው አልፈልግም። እንዲያውም ጭንቀቴ እንግሊዝኛውም አለመገኘቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት መቶ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በቃላት ላይ አልጭንም። ግን ትርጉሙን ሳያውቅ ዓረፍተ ነገር ሲሸመድድ ስድስት ዓመት የከረመ ልጅ፣ ጥያቄው ትንሽ ተጠማዞ ሲመጣበት ምን ይዞ ይመልሳል?

ሁለተኛው ተቃውሞ «የአማርኛው ቃል ራሱ ከባድ ነው» የሚል ነው። እውነት አለው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ የቀለሉ አይደሉም። እንዲያውም በባሕረ ሐሳብ «ኬክሮስ» የጊዜ መለኪያ ነው፤ 60 ኬክሮስ አንድ ዕለት ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም በግድ እናማርኛ እያልኩ አይደለም። ዴልታን ዴልታ፣ ፕላቶን ፕላቶ ብንለው ሰማይ አይወድቅም። የምለው፣ ልጁ የሚያውቀው ቃል ካለ እሱን እናስይዘው፤ ከሌለ ነገሩን በቀላል አማርኛ እናስረዳው ነው።

ሦስተኛው ደግሞ «ከተማዋ የአማርኛ ብቻ አይደለችም» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ይህም ሀብት ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። «ቱሉ» ተራራ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ቀዩ ተራራ። «ለገ» ወንዝ ነው፤ ለገዳዲንና ለገጣፎን ያስታውሷል። ለገሃር ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ እሱ «ባቡር ጣቢያ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው። የታክሲ ረዳቱ ሲጠራ ውሎ የሚገባው የሰፈር ስም ሁሉ ግማሽ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። አስተማሪው ይህን ከነገራቸው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ ክፍል ውስጥ ለአንድ ቀን አዋቂው እሱ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላነሳም።

መጽሐፍ ለሚያዘጋጁት፦ በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ አንድ ገጽ ጨምሩ። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሌላው የአማርኛው፣ ከጎኑ ከሀገር ውስጥ አንድ ምሳሌ። ቃላቱን ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የታተመ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አለን፣ በ1993 ዓ.ም. የወጣ አማርኛ መዝገበ ቃላትም አለን። የተደከመባቸው ቃላት መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጡ ልጆቹ እጅ ይግቡ።

ለመምህራን፦ 50 ተማሪ ይዛችሁ፣ ምዕራፍ ለመጨረስ እየተሯሯጣችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ። አዲሱን ቃል ስትጽፉ «ይህን በቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ አማርኛ ማውራት ነውር ነው የሚለው ልማድም ቢቀርብን መልካም ነው።

ለእናንተ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡት፦ ከእናንተ ታናሽ እህት ወይም ወንድም፣ ወይ የጎረቤት ልጅ የሌለው የለም። ቲክቶኩን ለአሥር ደቂቃ አስቀምጡትና ይህን ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ ካርታውን ክፈቱ፣ ያላችሁበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ቆዩ። ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ላፍቶ አካባቢ ከሆናችሁ አንዱ 8.9 ገደማ፣ ሌላው 38.7 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አባዙት፦ ከምድር ወገብ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ርቃችሁ ቆማችኋል ማለት ነው። ልጁ ላቲቲዩድ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ቆሞበታላ!

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የትርጉም መተግበሪያ ለአንድ ቃል አንድ ቃል ነው የሚሰጣችሁ። ዝናብ የት እንደሚዘንብ አያውቅም። የክፍላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለጠፈው አጭር ኖትም እንደዚያው ነው። የተጠራጠራችሁትን ጠይቁ፣ አስተያዩ።

የእህቴ ልጅ ማታ ላይ ወረቀቷን አውጥታ ከቀዩ ኤክስ ጎን በእርሳስ አንድ ነገር ስትጽፍ አየኋት። ጠጋ ብዬ አነበብኩት፦ «ሰመር = የእኛ ክረምት። ዊንተር = የእኛ በጋ።» ከዛ ቀና ብላ «አጎቴ፣ ከሱዳን ወዲህ ማዶ ያሉት፣ ከምድር ወገብ በታች ያሉት ልጆችስ? እነሱ ጋ አሁን ምንድነው?» አለችኝ።

13ቱ 14 አልሆነም። መምህሯ በመጽሐፉ መሠረት ትክክል ናቸው፣ ነጥቡ እንዳለ ነው። «ሶሻል አይገባኝም» የሚለውን ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም። እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን ተማሪ ደብተር ገለጥ አድርጉና አንድ ቃል ጠይቁት፤ ትርጉሙን ሳይሆን፣ የት እንዳየው።

ቸር እንሰንብት!